የአየር አምቡላንስ አብራሪን ከምድር መደገፍ፦ የክትትል ዴስኩ ምን ይናገር፣ መቼ ይደውል፣ መቼ ዝም ይበል?

ዴስክ_አንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ የአየር አምቡላንስ አገልግሎት የምድር ክትትል ዴስክ መመሪያ እያረቀቅን ነው። ሦስት ባለ ሁለት ሞተር ሄሊኮፕተርና አንድ ተርቦፕሮፕ አውሮፕላን አለ፤ ቀንም ሌሊትም ይበረራል። በረቂቁ መሠረት በየፈረቃው አንድ አስተባባሪ ይቀመጣል። ጥሪ የሚቀበለው፣ ተቀባይ ሆስፒታል የሚያፈላልገው፣ በረራውን በስክሪን የሚከታተለውም እሱው ነው። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት የሚሞላው ባለ ነጥብ የሥጋት መመዘኛ ቅጽ አለ፤ ድምሩ ከ15 በታች ከሆነ ይነሳል፣ ከ15 እስከ 24 ከሆነ ኃላፊ ይማከራል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በረራው ይቀራል።

ያከራከሩን ነገሮች እነዚህ ናቸው። ስለ ታካሚው ለአብራሪው ምን ያህል ይነገረው? ግማሾቻችን "ሁሉንም ይወቅ" እንላለን፣ ግማሾቻችን "ምንም"። የሳተላይት መከታተያው በየ2 ደቂቃው ቦታ ይልካል፤ ምልክቱ ሲቋረጥ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው ማንቂያ የሚነሳው? የአየር ሁኔታስ? ሜታር (በየጊዜው የሚወጣ የኤርፖርት የአየር ሁኔታ ዘገባ) የሚያወጣው ቅርቡ ኤርፖርት ከብዙዎቹ የጥሪ ቦታዎች 60 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በመጨረሻም፣ ታካሚውን ይዘው መሬት ላይ የሚጠብቁት ሰዎች አቪዬሽን የማያውቁ ናቸው፤ በስልክ ምን ይነገራቸው?

አጠቃላይ ምክር ሳይሆን ቁጥርና ቅደም ተከተል ብትሰጡን ደስ ይለናል።

ፈረቃ_ሌሊት፦

ከጥያቄዎቻችሁ በፊት ረቂቁ ላይ "እሱው ነው" ያላችሁት መስተካከል አለበት። ጥሪ ተቀባይና በረራ ተከታታይ አንድ ሰው ሲሆን ሁለቱ ሥራዎች የሚጋጩት ሁለቱም በሚከብዱበት ሰዓት ነው። አስተባባሪው ስለ አልጋ ከሐኪም ጋር ሲነጋገር ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት 6 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ቢቆይ የሚያየው የለም። ሁለተኛ ሰው መመደብ ካልተቻለ፣ አንድም አውሮፕላን ቢሆን አየር ላይ እስካለ ድረስ የሆስፒታሉ ስልክ ወደ ሌላ ሰው እንዲዞር አድርጉ።

ለመነሻ የሚሆን ቁጥር ከፈለጋችሁ፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ደንብ 10 እና ከዚያ በላይ የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ያለው ድርጅት የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንዲያቋቁም ያስገድዳል። እዚያ የሚቀመጠው ባለሙያ መጀመሪያ ቢያንስ 80 ሰዓት ይሠለጥናል፣ ከዚያ በየዓመቱ የ40 ሰዓት ማደሻ ይወስዳል፣ የሥራ ጊዜውም በተከታታይ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይታቀዳል። ሦስት ሄሊኮፕተር ላለው ድርጅት ደንቡ ግዴታ ባይሆንም የ10 ሰዓቱን ገደብ ውሰዱት። የ12 ሰዓት የሌሊት ፈረቃ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት ጎሕ ሲቀድ ጉም ከሚነሳበት ሰዓት ጋር ይገጥማሉ።

ስለ ታካሚው፦ አብራሪው "እሄዳለሁ" ወይም "አልሄድም" እስኪል ድረስ የታካሚው ዕድሜም ሕመምም አይነገረው። "የ4 ዓመት ልጅ፣ ደም እየፈሰሳት" የሚል ቃል የሰማ አብራሪ 700 ጫማ ላይ ያለውን ደመና "ይበቃኝ ይሆናል" ብሎ ያየዋል። የመጀመሪያው ጥሪ ይህን ብቻ ይያዝ፦ ከየት ወደ የት፣ መነሻ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት)፣ ስንት ሰው፣ የአየር ሁኔታው፣ የማረፊያው ዓይነት። "አልሄድም" ካለ ነገሩ እዚያ ያልቃል። "ለምን?" አይባልም፣ ኃላፊ አይደውልለትም፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ያው ጥያቄ በሌላ ሰው አፍ አይመጣም። ሁኔታው በእርግጥ ከተቀየረ አዲስ ጥሪ፣ አዲስ ቅጽ ይከፈታል።

ጥሪ ስትቀበሉ ሁልጊዜ "ሌላ አገልግሎት ጠይቃችሁ ነበር? ምን አሉ?" በሉ። ጠያቂው አንዱ በአየር ሁኔታ ምክንያት ሲተውበት ሳይናገር ወደሚቀጥለው ይደውላል፤ ሁለተኛው አብራሪ የመጀመሪያው ያየውን ሳያውቅ ይነሳል። መልሱ "እምቢ ብለውናል" ከሆነ አብራሪው ከመወሰኑ በፊት ይነገረው።

ቅጹ ላይ ያለው ችግር ድምሩ ነው። ልምድ ያለው፣ ያረፈ፣ ቦታውን የሚያውቅ አብራሪ በሌሊት ጉም ሊነሳ ሲል 11 ነጥብ ይዞ "አረንጓዴ" ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ገዳይ ምክንያት በሰባት ጥሩ ምክንያቶች ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ከድምሩ ውጭ የሚቆሙ የማያሻሙ መስመሮች አስቀምጡ፦ ከተወሰነ በታች የደመና ከፍታ፣ ከተወሰነ በታች ዕይታ፣ የሌሊት መነጽር በሌለበት ያልተጠና ቦታ፣ በረዶ የሚሠራ ደመና። ከነዚህ አንዱ ከተገኘ ድምሩ 3 ቢሆንም በረራው ይቀራል። ቅጹን ዴስኩም ለብቻው ይሙላ፣ ከዚያ ሁለቱ ይተያዩ። አብራሪው ሞልቶ አስተባባሪው ከፈረመበት ግን ሁለተኛው ፊርማ ምንም አልጨመረም። ሁለቱ ካልተስማሙ ከፍተኛው ነጥብ ይያዛል። ዴስኩ በረራን የማስቀረት ሥልጣን ይኑረው፤ የማስነሳት ግን አይኑረው።

ሌላው የሚረሳው የመልስ ጉዞ ነው። ታካሚው ደርሷል፣ ሁሉም ወደ ቤት ማሰብ ጀምሯል፣ ቅጹ ግን የተሞላው ከሦስት ሰዓት በፊት ነው። ለእያንዳንዱ መነሳት አዲስ የአየር ሁኔታና አዲስ ቅጽ ያስፈልጋል። ባዶ መልስ ቢሆንም።

የሕክምና_ወንበር፦

ፈረቃ_ሌሊት ባለው እስማማለሁ፣ ግን "ምንም አይነገረው" የሚለው ቃል በቃል ከተወሰደ ሌላ ችግር ይፈጥራል። አብራሪው የማያውቀውን ክብደት ማስላት አይችልም። የታካሚው ክብደት በኪሎ፣ አጃቢ መኖር አለመኖሩ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ብዛት፣ ኢንኩቤተር ወይም ሌላ ከባድ መሣሪያ ካለ መጠኑ፣ ታካሚው የሚረበሽ መሆኑ፣ ተላላፊ በሽታ መኖሩ፣ እነዚህ ሁሉ የበረራ መረጃ ናቸው። ውሳኔውን የሚያዛባው የሕመሙ አጣዳፊነት ነው። የከፍታ ገደብም እንደ በረራ መስፈርት ይተላለፍ። ለምሳሌ ደረቱ ውስጥ አየር የታሰረበት ታካሚ ከሆነ ለአውሮፕላኑ አብራሪ "የካቢን ከፍታ ከ2,000 ጫማ አይብለጥ" ይባላል፤ ምክንያቱ አይጨመርም። ያ ገደብ አውሮፕላኑን ዝቅ አድርጎ ስለሚያስኬደው ነዳጁንም በረዶ የማግኘት ዕድሉንም ይቀይራል፤ ስለዚህ ከመነሳት በፊት መታወቅ አለበት።

ክብደት ስትጠይቁ ደግሞ "ስንት ኪሎ ይመስላችኋል?" አትበሉ። በሰነድ ያለውን ጠይቁ፤ ከሌለ ግምቱ ላይ 15 በመቶ ጨምሩ።

ጤዛ_ነጥብ፦

60 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሜታር የጥሪውን ቦታ አየር አይነግራችሁም። ታፍ (የኤርፖርቱ የአየር ሁኔታ ትንበያ) እንኳ የተጻፈው ከኤርፖርቱ መሃል 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላለው ክልል ነው። ያም ሆኖ ከሜታሩ ብዙ ማውጣት ይቻላል፤ ብቻ አንዱን ሳይሆን የመጨረሻዎቹን ሦስት ጎን ለጎን አንብቡ። የሙቀቱና የጤዛ ነጥቡ (በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት) ልዩነት 6፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ እየሆነ ከመጣ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ከተኛ፣ ፀሐይም ከገባች፣ ዕይታው አሁን 10 ኪሎ ሜትር ቢልም ጉም እየመጣ ነው። ሄሊኮፕተሩ የሚመለሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ መሆኑን አስቡ።

ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ የደመና ከፍታ ነው። በሜታር ላይ ያለው የደመና ከፍታ ከኤርፖርቱ መሬት ጀምሮ ነው የሚለካው። ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል 5,000 ጫማ ላይ ሆኖ ደመናው 1,200 ጫማ ላይ ከተባለ የደመናው ታችኛ ጠርዝ 6,200 ጫማ ላይ ነው ማለት ነው። በመንገዱ ላይ 6,000 ጫማ የሆነ ኮረብታ ካለ ለሄሊኮፕተሩ የቀረው ክፍተት 200 ጫማ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን "1,200" የሚል የሚያጽናና ቁጥር ተቀምጧል። ዴስኩ በየመንገዱ ከፍተኛውን መሬት የያዘ ሠንጠረዥ ይኑረው፣ ቅነሳውንም ሠርቶ ውጤቱን ለአብራሪው ይናገር።

ቦታው ላይ ያለውን ሰው "አየሩ ጥሩ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ጥሩ ነው" ይላችኋል፤ ሄሊኮፕተሩ እንዲመጣ ይፈልጋላ። ሊያየው የሚችለውን ጠይቁት፦ የኮረብታው ጫፍ ይታያል ወይስ ተቆርጧል? ርቀቱን የምናውቀው ማማ ይታያል? ኮከብ ይታያል? የመንገድ መብራቶቹ ዙሪያ ክብ ብርሃን አለ? ዛፉ ቅጠሉ ነው ወይስ ቅርንጫፉ የሚወዛወዘው? መልሱ መጥፎ ከሆነ በረራውን ለማስቀረት ይበቃል። ጥሩ ከሆነ ግን መጥፎ ሜታርን መሻሪያ አይሆንም።

ስለ ነፋስ፦ በሜታርና በታፍ ላይ ያለው የነፋስ አቅጣጫ ከእውነተኛ ሰሜን ነው፤ የመቆጣጠሪያ ማማ በሬዲዮ የሚናገረው ከማግኔቲክ ሰሜን ነው። ዴስኩ ከስክሪን እያነበበ ከሆነ "በሜታር" ብሎ ምንጩን ይጥቀስ።

የአልቲሜትር (የከፍታ መለኪያው) ግፊት ስታስተላልፉ ቁጥሩን ከነመለኪያው ተናገሩ፣ አብራሪውም ይድገመው። 992 ሄክቶፓስካል ተብሎ 29.92 ኢንች ከተሞላ (እሱም 1013 ሄክቶፓስካል ነው) የ21 ሄክቶፓስካል ስህተት ተፈጠረ። አንዱ ሄክቶፓስካል 28 ጫማ ገደማ ስለሆነ አውሮፕላኑ አልቲሜትሩ ከሚያሳየው ወደ 600 ጫማ ዝቅ ብሎ ይበራል። በሌሊት አቀራረብ ላይ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ለሞቃትና ከፍታ ቦታ የአየር ጥግግት ከፍታን (አየሩ የሳሳበትን ያህል ሄሊኮፕተሩ የሚሰማውን ከፍታ) በቀላሉ ማስላት ይቻላል። በ6,000 ጫማ የግፊት ከፍታ ደረጃውን የጠበቀ ሙቀት 3 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትሩ 28 ካለ ትርፉ 25 ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ስትጨምሩ 3,000 ይሆናል። ሄሊኮፕተሩ ስሜቱ 9,000 ጫማ ላይ እንዳለ ነው። የአፈጻጸም ስሌቱ የአብራሪው ሥራ ነው፤ ዴስኩ ግን የቀኑን ሙቀት ሳይሆን ታካሚው ተጭኖ በሚነሳበት ሰዓት የሚኖረውን ሙቀት ይስጠው።

ክትትል_406፦

የምልክት መቋረጥን በተመለከተ መጀመሪያ ስሌቱን እዩት። በ130 ኖት (በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚበር ሄሊኮፕተር በ2 ደቂቃ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በ15 ደቂቃ 60 ኪሎ ሜትር። ከመጨረሻው ነጥብ ዙሪያ ክብ ብትሠሩ በ2 ደቂቃው ልዩነት የምትፈልጉት 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ በየ15 ደቂቃው የድምፅ ሪፖርት ብቻ ከተከታተላችሁ ከ11,000 በላይ። በየ2 ደቂቃው የሚልክ መሣሪያ ገዝታችሁ ማንቂያውን ከ15 ደቂቃ በኋላ ካነሳችሁ ጥቅሙን ግማሽ በግማሽ መለሳችሁት።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይኸውና። አንድ ሪፖርት ሲቀር አስተባባሪው የመጨረሻውን ነጥብ ያያል፦ ከፍታው፣ ፍጥነቱ፣ አቅጣጫው። ሁለተኛው ሲቀር፣ ማለትም በ4ኛው ደቂቃ፣ በሬዲዮ ይጠራል፣ በመከታተያው ጽሑፍ ይልካል፣ ወደ ሳተላይት ስልኩ ይደውላል። በ6ኛው ደቂቃ ወደ መነሻው፣ ወደ መድረሻው፣ ወደ አየር ትራፊክ ቁጥጥር ይደውላል፤ በአካባቢው ያለ ሌላ አውሮፕላን በሬዲዮ እንዲጠራ ይጠይቃል። በ10ኛው ደቂቃ የፍለጋና ማዳን ማስተባበሪያ ማዕከሉ ይነገረዋል፣ የድንገተኛ ዕቅዱም ይከፈታል። የመጨረሻው ነጥብ ከዕቅዱ መንገድ የወጣ፣ ዝቅ እያለ ያለ ወይም ፍጥነቱ ባልተጠበቀ ሁኔታ የወደቀ ከሆነ ደረጃ አይጠበቅም፤ ቀጥታ ወደ 10ኛው ይኬዳል። በዓለም አቀፉ አሠራር የጥርጣሬ ምዕራፍ የሚባለው ግንኙነት ከሚጠበቅበት ሰዓት 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው፤ ይህ ለአየር ትራፊክ አገልግሎት የተቀመጠ የመጨረሻ ጣሪያ ነው እንጂ ቀድሞ መደወልን አይከለክልም። "አግኝተነዋል፣ ይቅርታ" ብሎ መሰረዝ የአንድ ስልክ ሥራ ነው።

የሚበላሹት ነገሮች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ነጥብ አረንጓዴ አድርጎ ያቆየዋል፤ ስለዚህ ከምልክቱ አጠገብ "ከ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በፊት" የሚል የሚቆጥር ሰዓትና የሚጮህ ማንቂያ መኖሩን አረጋግጡ። ማንቂያው ሲያሰለች ድምፁ ይዘጋል፤ የሚያሰለቸው ደግሞ አብራሪው አርፎ ሞተር ሲያጠፋ መከታተያውም አብሮ ስለሚጠፋ ነው። መፍትሔው "አርፈናል" የሚል ድምፅ ወይም ቁልፍ ሳይመጣ ክትትሉ እንዳይዘጋ ማድረግ ነው። ከዚያ "እዚያ ሸለቆ ውስጥ ሁሌም ይጠፋል" የሚባለው አለ። ሁሌም የሚጠፋበት ቦታ ካለ በካርታ ላይ ምልክት ይደረግበት፣ አብራሪው ከመግባቱ በፊት "ሸለቆ መግቢያ፣ 7 ደቂቃ" ይበል፣ በ9ኛው ደቂቃ ካልታየ ቆጠራው ከ6ኛው ደቂቃ ደረጃ ይጀምር።

ሄሊኮፕተሩ ሜዳ ላይ አርፎ እያለም ሰዓት ይያዝ። አብራሪው ሲያርፍ "20 ደቂቃ" ካለ በ20ኛው ይደወላል።

ስለ ኢኤልቲ (አደጋ ሲደርስ የድረሱልኝ ምልክት የሚልከው የአውሮፕላን መሣሪያ)፦ ሳተላይቶች 121.5 ሜጋኸርዝን መከታተል ያቆሙት እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2009 ነው። ዛሬ የሚሰማው 406 ነው፤ 121.5 ፈላጊው ቦታው ሲቀርብ የሚመራበት ብቻ ነው። መሣሪያው ባለ 15 ፊደል መለያ ኮድ አለው፤ በምዝገባው ላይ የሚሞላው ስልክ የአስተዳደር ቢሮው ሳይሆን 24 ሰዓት የሚነሳው የዴስኩ ስልክ ይሁን። ማዳኛ ማዕከሉ ምልክት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚደውለው እዚያ ነው፤ በሌሊት ቢሮ ውስጥ ስልክ ሲጮኽ የሚያነሳው የለም። አውሮፕላን ቀይራችሁ ወይም ኢኤልቲውን ለጥገና አውጥታችሁ ሌላ ካስገባችሁ ኮዱ ይለወጣል፣ ምዝገባውም አብሮ ይታደስ። አደጋ ሲደርስ ደግሞ የአንቴናው ገመድ ሊበጠስ ወይም አንቴናው ከፍርስራሹ ሥር ሊቀበር ይችላል፤ "ኢኤልቲ አልጮኸም" ማለት "ደህና ናቸው" ማለት አይደለም።

ዴስክ_አንድ፦

እጅግ እናመሰግናለን። ጥሪ ተቀባዩንና ተከታታዩን ለመለየት ተስማምተናል። ሁለት ነገር ቀረን፦ መሬት ላይ ያሉት ሰዎች፣ እና አብራሪው ሳያስበው ደመና ውስጥ ቢገባ ዴስኩ በዚያች ደቂቃ ምን ያድርግ?

ሁለት_ዲ፦

መሬቱን እኔ ልውሰድ። ከቦታ መለያ ቁጥር ልጀምር፣ ምክንያቱም ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል። "ዘጠኝ ዲግሪ ሠላሳ ነጥብ አምስት ደቂቃ" የተባለው ኬክሮስ በሦስት ዓይነት ይጻፋል። 9°30.500′ን አንዱ 9°30′50″ ብሎ ቢጽፈው 617 ሜትር ይስታል፤ በሌሊት ይህ የሌላ ሰው እርሻ ነው። 9.305° ብሎ ካስገባው ደግሞ 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ይርቃል። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ ዲግሪ፣ ደቂቃና የደቂቃ አስርዮሽ በኮክፒት የተለመደው ነው። ስልክ ላይ ያለው ሰው ከሚልከው ካርታ እናንተ ቀይሩ እንጂ እሱ እንዲቀይር አትጠይቁ። ከዚያ በቁጥሩ ላይ አትመኑ፤ "ከዋናው መንገድ በየት በኩል ናችሁ? ከድልድዩ ስንት ያህል?" ብላችሁ በካርታ አመሳክሩ።

ስፋቱ በሄሊኮፕተሩ ይወሰናል። ከሮተሩ (ከላይ ከሚሽከረከረው ክንፍ) የፊት ጫፍ እስከ ጭራው መጨረሻ ያለው ርዝመት ዲ ይባላል፤ ኤች145 የሚባለው የሄሊኮፕተር ዓይነት ወደ 13.6 ሜትር፣ ኤደብልዩ139 የሚባለው ወደ 16.7 ሜትር ነው። በአውሮፓ መመሪያ ቀን ቢያንስ ሁለት ዲ በሁለት ዲ፣ ሌሊት አራት ዲ በሁለት ዲ ያስፈልጋል። ለኤች145 ቀን 27 በ27፣ ሌሊት 54 በ27 ሜትር መሆኑ ነው። መሬት ላይ ላለው ሰው ግን በእርምጃ ንገሩት፤ "በትልቅ እርምጃ 60 በ30"።

ቀጥሎ ሽቦ። ሽቦ ከአየር አይታይም፣ ምሰሶው ይታያል፤ ስለዚህ "ሽቦ አለ?" ሳይሆን "በዙሪያው ስንት ምሰሶ ታያላችሁ፣ ከየት ወደ የት ነው የሚሄዱት?" ነው ጥያቄው። አቅጣጫውን በሰሜን ደቡብ ይንገሩ፣ "በስተግራዬ" አይባልም። ተዳፋት ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈለግ። መሬቱ አቧራ ከሆነ ውሃ ይረጭበት፣ ውሃ ከሌለ ሣር ያለበት ይመረጥ፤ ሮተሩ የሚያነሳው አቧራ መሬቱ ሲቀርብ አብራሪውን ያሳውረዋል። አንሶላ፣ ባርኔጣ፣ ፕላስቲክ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ይነሳ። የቃሬዛው ብርድ ልብስ ይታሰር፣ የግሉኮስ ማንጠልጠያው ዘንግ ይታጠፍ። የመኪና በር ይዘጋ።

መብራት ወደ ላይ አይበራ። የሌሊት መነጽር ያደረገ አብራሪ በእጅ ባትሪ ወይም በሚያብለጨልጭ ሰማያዊ መብራት ይታወራል፤ ሄሊኮፕተሩ መቅረብ ሲጀምር የሚያብለጨልጨው ሁሉ ይጥፋ። በተቃራኒው ብዙዎቹ የአቪዬሽን መነጽሮች እንደ ዓይነታቸው ከ625 ወይም ከ665 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን ስለሚቆርጡ የአንዳንድ ማማዎች ቀይ ኤልኢዲ መብራት በመነጽሩ ላይታይ ይችላል። በመነጽር ውስጥ ማማው የለም። ዴስኩ በየመንገዱ ያሉትን እንዲህ ያሉ ማማዎች ዝርዝር ይያዝ፣ አዲስ ክሬን በሆስፒታል ግንባታ ላይ ሲቆምም ይመዝግብ።

ካረፈ በኋላ ማንም አይጠጋ። አብራሪው ወይም የበረራ ነርሱ ምልክት ሲሰጥ ብቻ፣ ከፊት በኩል፣ አብራሪው እያያቸው፣ ጎንበስ ብለው። ወደ ጭራው በፍጹም። መሬቱ በአንድ ወገን ከፍ ካለ ከዝቅተኛው ወገን ይምጡ፤ ከላይ የሚወርድ ሰው ሮተሩን በራሱ ቁመት ያገኘዋል።

ፈረቃ_ሌሊት፦

ስለ ደመናው፦ በዚያች ደቂቃ የዴስኩ ዋና ሥራ ዝም ማለት ነው። አብራሪው እጁ የተያዘው ሄሊኮፕተሩን ቀጥ አድርጎ በማቆየት፣ መሰናክል ከሌለ አቅጣጫውን ሳይቀይር ኃይል ጨምሮ በመውጣት፣ የመውጫ ፍጥነቱን በመያዝ ነው። ሬዲዮው አራተኛ ነው። "ሰላም ነህ?" የሚል ጥሪ ጭንቅላቱን ወደ ሬዲዮ ፓነሉ ሊያዞር ይችላል፣ የአቅጣጫ ስሜት የሚጠፋውም እንዲህ ባለ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ነው።

ቅድመ ሥራው ግን የዴስኩ ነው። ለእያንዳንዱ መንገድ ከመነሳት በፊት ሁለት ነገር ተጽፎ አብራሪው ጉልበት ላይ ይኑር፦ በመንገዱ ግራና ቀኝ 8 ኪሎ ሜትር ውስጥ ካለው ከፍተኛ መሰናክል 1,000 ጫማ (በተራራማ አካባቢ 2,000) በላይ የሆነ አስተማማኝ ከፍታ፣ እና በመሣሪያ (ውጭ ሳይታይ በኮክፒቱ መሣሪያዎች ብቻ እየተመሩ) ማረፍ የሚቻልበት ቅርብ ኤርፖርት ከነድግግሞሹ። ኤርፖርቱ በዚያ ሰዓት ክፍት መሆኑ፣ መብራቱ መሥራቱ፣ አይኤልኤሱ (በመሣሪያ ለማረፍ የሚመራው የሬዲዮ ሥርዓት) በኖታም (ለአብራሪዎች በሚወጣ ማስታወቂያ) ያልተዘጋ መሆኑ በየፈረቃው መጀመሪያ ይረጋገጥ። ሌሊት የሚዘጋ ማማ በዝርዝሩ ላይ ካለ ዝርዝሩ ባዶ ነው።

ደመና ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ስክሪኑ ይናገራል። ፍጥነቱ ከተለመደው በ30 ኖት ከወረደ ወይም ከመሬት ቀን 300፣ ሌሊት 500 ጫማ ድረስ ዝቅ ካለ አብራሪው ከአየር ሁኔታው ጋር እየተደራደረ ነው። በብዙ ቦታ ይህ የውሳኔ ነጥብ ተብሎ ይሠራበታል፦ ይመለሳል፣ ያርፋል ወይም በመሣሪያ ይወጣል፤ መቀጠል ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። መከታተያው ከፍታን ከባሕር ወለል ስለሚሰጥ ስክሪኑ ላይ የመሬቱ ከፍታ መጫን አለበት፣ አለዚያ 500ው አይታወቅም። ሲታይ ዴስኩ አስቀድሞ የተስማሙበትን አንድ ሐረግ ይላል፣ ለምሳሌ "የውሳኔ ነጥብ፣ ኤርፖርቱ ክፍት ነው"፣ መልስም አይጠብቅም።

አብራሪው ከአየር ትራፊክ ጋር ከተገናኘ በኋላ ዴስኩ የመሬት አምቡላንስ ወደዚያ ኤርፖርት ይልካል፣ ተቀባይ ሆስፒታሉን ያሳውቃል፣ የነዳጅ ማለቂያ ሰዓቱን ለተቆጣጣሪው ያስተላልፋል። ሄሊኮፕተሩ ካረፈ በኋላ ያው በረራ በዚያው ሌሊት አይቀጥልም።

ሰምፕ፦

የነዳጅ ነገር ስለተነሳ አንድ ልጨምር። ዴስኩ ነዳጅን በሊትር አይመዝግብ፤ አንዱ በሊትር፣ አንዱ በኪሎ፣ አንዱ በፓውንድ ሲያወራ 100 ሊትር ጄት ኤ-1 80 ኪሎ ወይም 176 ፓውንድ ገደማ መሆኑ በሌሊት ይረሳል። የሚጻፈው "ነዳጅ የሚያልቀው 21፡40 ዩቲሲ" የሚል አንድ ሰዓት ነው። የመጨረሻው መጠባበቂያ (በዕይታ በረራ ለሄሊኮፕተር 20 ደቂቃ፣ በመሣሪያ 30) ከዚያ ተቀንሶ ሁለተኛ ሰዓት ሆኖ ይጻፍ። የፍለጋ ማዕከሉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም ይህንኑ ነው።

ከበርሜል የሚሞላ ቦታ ካላችሁ በርሜሉ ጎኑን ተኝቶ ይቀመጥ፣ ክዳኖቹ በሦስትና በዘጠኝ ሰዓት አቅጣጫ ይሁኑ፤ ቆሞ ከተቀመጠ አናቱ ላይ የሚጠራቀመው ውሃ ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከመቅዳት በፊት አቁሙትና ይርጋ፣ ናሙና ውሰዱ፣ በውሃ መመርመሪያ ካፕሱል ፈትኑ፣ የፓምፑ መምጠጫ ቱቦ ወለሉን እንዳይነካ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም። የተከፈተ በርሜል ቀሪው ለሚቀጥለው በረራ አይቀመጥም።

የፈረቃ ርክክብንም መመሪያው ውስጥ አስገቡ። ሄሊኮፕተር ሊያርፍ ወይም ሊነሳ 10 ደቂቃ ሲቀረው ወንበር አይለወጥም። ወጪው አየር ላይ ያለውን፣ የመጨረሻ ሪፖርቱን ሰዓት፣ ሁለቱን የነዳጅ ሰዓቶች፣ የተሳፋሪውን ቁጥር፣ እየተበላሸ ያለውን አየር ድምፁን አውጥቶ ያነባል፣ ገቢው ይደግማል፣ ከዚያ በኋላ ገቢው ራሱ አብራሪውን በሬዲዮ ጠርቶ ስሙን ይናገራል።